ሆስፒታሉ ሕይወቷን አተረፈልኝ፤ ከዚያ በኋላስ? ስለ ስትሮክ ተሃድሶ ሕክምና እንነጋገር

የእናቷ ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። ጽሑፌ ረዘም ይላል፤ ታገሱኝ።

እናቴን ስትሮክ ከመታት 5 ወር ሆነ። ጠዋት ጸጉሯን ልታበጥር ስትል ማበጠሪያው ከእጇ ወደቀ። ጎንበስ ብላ ልታነሳው ስትሞክር ግራ እጇ አልታዘዝ አላት። አፏ ወደ አንድ ጎን ተጣመመ፤ የምትናገረው አይለይም። ይዘናት በረርን፤ በሰዓቱም ደረስን። አንጎሏ በሲቲ ስካን ታየ፤ የደም ሥሯ በረጋ ደም መዘጋቱ ተረጋገጠ፤ የረጋውን ደም የሚያሟሟ መድኃኒት ተሰጣት። እስከዚህ ድረስ ማንንም አልወቅስም። ሌሊቱን ሙሉ ሲሯሯጡላት በዓይኔ አይቻለሁ።

ችግሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በ11ኛው ቀን «ነገ ትወጣለች» አሉን። አንድ ወረቀት፣ 3 ዓይነት ክኒን፣ ከ6 ሳምንት በኋላ የሚሆን ቀጠሮ። ወረቀቱ ላይ «ፊዚዮቴራፒ» የምትል አንዲት ቃል አለች። የት? በሳምንት ስንት ቀን? ቢቸግረኝ ለማን ልደውል? የነገረኝ የለም። ከአልጋ እንዴት እንደማነሳት ያሳየኝም የለም። ቤት በገባን በመጀመሪያው ቀን ደካማ እጇን ይዤ ስቤ አነሳኋት። ለካ ትከሻዋን እየጎዳሁት ነበር። እስካሁን ያማታል። ይህን ሳስብ እንቅልፍ እምቢ ይለኛል።

ፊዚዮቴራፒ ለማግኘት 7 ሳምንት ጠበቅን። አሁን በሳምንት 2 ቀን፣ ግማሽ ግማሽ ሰዓት ትሠራለች። ባለሙያዋ ጎበዝ ናት፤ ስለ እሷ ክፉ አይወጣኝም። ግን ቁጭ ብዬ አሰላሁት። ሳምንት 168 ሰዓት ነው። 1 ሰዓቱ የባለሙያዋ ነው። 167ቱ የማን ነው?

ጥያቄዬ ይኸው ነው። ይህ ሕክምና ይሻሻል ብንል ከየት ይጀመር? ባለሙያዎችም፣ በሽታው የደረሰባችሁም፣ አስታማሚዎችም ንገሩኝ። የእናቴን ሆስፒታል ሄጄ ማናገር እፈልጋለሁ፤ ባዶ እጄን መሄድ ግን አልፈልግም።

ፊዚዮቴራፒስቷ

እህቴ፣ መጀመሪያ ስለ ትከሻው። ራስሽን አትውቀሺ፤ ያላሳየሽ ሰው ነው ያጠፋው። ስትሮክ የመታው ክንድ ላይ ትከሻውን አጥብቀው የሚይዙት ጡንቻዎች ይላላሉ። የክንዱ አጥንት ከቦታው ትንሽ ይወርዳል። በዚያ ላይ ሲጎተት ይጎዳል። ስለዚህ ስትቀመጥ ክንዷ ትራስ ላይ ይረፍ፤ እንዲሁ አይንጠልጠል። ስታስነሻት እጇንም ብብቷንም አትሳቢ። እግሮቿ መሬት ይርገጡ፣ ደረቷ ወደ ፊት ዘንበል ይበል፣ አንቺ በደካማው ጎን ሆነሽ ወገቧ ላይ ያዢያት። ሕመሙ ካልተዋት ለባለሙያዋ ንገሪያት። ዝም ተብሎ የሚታለፍ ሕመም አይደለም።

አሁን ወደ 167ቱ ሰዓት። በዚህ ሥራ 14 ዓመት ቆይቻለሁ፤ ጥያቄውን እንዲህ ጥርት አድርጎ ያቀረበልኝ ሰው ትዝ አይለኝም።

በፈረንጆቹ አቆጣጠር 2004 ላይ (ዓመቶቹን ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ነው የምጠራው) አውስትራሊያ ውስጥ ጁሊ በርንሃርት የምትባል ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር አንድ ጥናት አሳተመች። ስትሮክ ክፍል የተኙ ሰዎች ቀኑን በምን እንደሚያሳልፉ በየ10 ደቂቃው እየተመለከቱ መዘገቡ። ከቀኑ ከግማሽ በላዩን አልጋ ላይ ጋደም ብለው ነበር። 60 በመቶውን ጊዜ ብቻቸውን ነበሩ። ለማገገም ይጠቅማል የሚባል እንቅስቃሴ ላይ የዋሉት 13 በመቶውን ብቻ ነው። ልብ በሉ፤ ይህ የሆነው ለስትሮክ ተብሎ በተደራጀ ክፍል ውስጥ ነው።

2009 ላይ ደግሞ አሜሪካ ውስጥ ካትሪን ላንግ የምትመራው ቡድን ሌላ ነገር ቆጠረ። በአንድ የሕክምና ክፍለ ጊዜ የተጎዳው እጅ ስንት ጊዜ እውነተኛ ሥራ ይሠራል? ዕቃ ማንሳት፣ መያዝ፣ መልቀቅ ማለት ነው። በአማካይ 32 ጊዜ ሆነ። አንጎል በልምምድ እንደሚለወጥ ያሳዩት የእንስሳት ሙከራዎች ላይ ግን ቁጥሩ በቀን 400 እና 600 ይደርሳል። ይህን ሳነብ ደነገጥኩ። በማግስቱ የራሴን ታካሚ ቆጠርኩ። 27።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አሠራሬን ቀየርኩ። የኔ ግማሽ ሰዓት ልምምዱ የሚያልቅበት ሳይሆን ትክክለኛው አሠራር የሚታይበት ሆነ። ልምምዱ ቤት ነው። ቁጥሩ ይጻፋል፤ ሲመጡ አብረን እናየዋለን።

ይህ ማለት ግን ሸክሙ ሁሉ ለቤተሰብ ይጣል ማለት አይደለም። እንግሊዝ ውስጥ የሕክምና መመሪያ የሚያወጣው ናይስ ቀድሞ ለእያንዳንዱ የሕክምና ዓይነት በቀን 45 ደቂቃ ይል ነበር። 2023 ላይ ለሚችል ሰው በቀን ቢያንስ 3 ሰዓት፣ በሳምንት ቢያንስ 5 ቀን አደረገው። ይህ ሰዓት የአንድ ሰው ሥራ አይደለም። እግርና ሚዛን ላይ የሚሠራው ፊዚዮቴራፒስት፣ መልበስንና መታጠብን የሚያለማምደው ኦኩፔሽናል ቴራፒስት፣ ንግግርና መዋጥ ላይ የሚሠራው ባለሙያ ተደምረው ነው። እንዲህ ያለ ቡድን በሌለበት ቦታ ሁሉ «ተሃድሶ አለን» ማለት ይከብደኛል።

የታላቅ ወንድም

ሰው እንዳላሳዝን እፈራለሁ፤ ግን እውነቱን ልናገር። ወንድሜን የሚያክመው ሐኪም «እስከ 6 ወር የመጣ መጣ፤ ከዚያ በኋላ ለውጥ አትጠብቁ» ብሎናል። ወንድሜ አሁን 8ኛ ወሩ ነው። ልምምድ ካቆመ ሁለት ወር አለፈው። እኛም መጎትጎቱን ተውነው። ማስጨነቅ ምን ያደርጋል?

4 ዓመት አልፎኛል

ወንድሜ፣ የሰማኸውን እኔም ሰምቻለሁ። እኔን የመታኝ በ57 ዓመቴ ነው፤ አሁን 61 ነኝ። በ6ኛው ወር ያለ ከዘራ መራመድ አልችልም ነበር። የሸሚዜን ቁልፍ በአንድ እጄ መቆለፍ የቻልኩት በ14ኛው ወር ነው። ቀኑን አልረሳውም። የመጀመሪያውን ቁልፍ ለማስገባት 20 ደቂቃ ፈጀብኝ። ሚስቴ ልታግዘኝ ስትመጣ «ተዪኝ» አልኳት። ከዚያ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ያቺ «6 ወር» የምትባል ቃል ስንት ሰው አስተኝታለች። እኔንም ለሦስት ወር አስተኝታኛለች። የሰውነቴ ድካም ሳይሆን ቃሏ ናት ያስተኛችኝ። ሐኪሞች ሆይ፣ የምትነግሩንን ቃል እንደ መድኃኒት መጠን መጥኑልን።

ወንድምህን ደግሞ አትተወው። አትጎትጉተው፣ ግን አትተወው። የሚወደውን ነገር ፈልግለትና ልምምዱን እዚያ ውስጥ ክተተው። እኔ መጽሐፍ እወዳለሁ። ገጽ መግለጥ በደካማ እጄ ብቻ እንዲሆን ከራሴ ጋር ተስማማሁ። አንድ መጽሐፍ 300 ገጽ ነው፤ 150 ጊዜ መግለጥ ነው።

ፊዚዮቴራፒስቷ

ጋሼ፣ ገጽ መግለጡን ነገ ለታካሚዎቼ እነግራቸዋለሁ።

ስለ 6 ወሩ ሁለቱንም ወገን ልናገር፤ ሁለቱም እውነት አለው። ፈጣኑ ለውጥ የሚታየው በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ነው፤ ይህ የታወቀ ነው። 2021 ላይ የወጣ አንድ የአሜሪካ ጥናት 72 ሰዎችን በተለያየ ጊዜ ተጨማሪ 20 ሰዓት የእጅ ልምምድ ሰጣቸው። ይበልጥ የጠቀመው ከ2 እስከ 3 ወር ባለው ጊዜ ለጀመሩት ነው። ከ6 ወር በኋላ ለጀመሩት ያን ያህል አልሆነም። ስለዚህ የአንቺ እናት 7 ሳምንት መጠበቋ ያናድደኛል። የጠፋው ጊዜ ወርቅ ነበር።

በሌላ በኩል ለንደን ኩዊን ስኩዌር ያለው የእጅ ማገገሚያ ፕሮግራም ስትሮክ ከመታቸው ወራትና ዓመታት ያለፋቸውን ሰዎች ይቀበላል። በ3 ሳምንት 90 ሰዓት ያሠራቸዋል። 2019 ላይ የ224 ሰዎችን ውጤት አሳተሙ፤ እጃቸው ተሻሽሏል፣ ከ6 ወር በኋላም መሻሻሉ አልጠፋም። ማወዳደሪያ ቡድን አልነበረውም፤ ያንን አልደብቅም። ግን 20 ሰዓት እና 90 ሰዓት አንድ አይደሉም። ጊዜው ሲገፋ መጠኑም አብሮ መጨመር አለበት ብዬ ነው የማምነው። አሁን የሚደረገው ተቃራኒው ነው፤ ጊዜው ሲገፋ ሕክምናውን እንቀንሳለን።

የሌሊት ነርስ

ሁላችሁም ከቤት ጀመራችሁ። እኔ ከመጀመሪያው ሌሊት ልጀምር፤ ተሃድሶ የሚጀመረው እዚያ ነው።

አንደኛ፣ መዋጥ። ስትሮክ ከመታቸው ሰዎች ግማሽ ያህሉ መጀመሪያ ላይ በደንብ መዋጥ ይቸግራቸዋል። ቤተሰብ በፍቅር ውሃ ያቀምሳል፤ ውሃው ወደ ሳንባ ይገባል፤ የሳንባ ምች ይመጣል። ሰው ስትሮኩን ተርፎ በሳንባ ምች ሲሞት አይቻለሁ። መዋጡ እስኪፈተሽ ድረስ በአፍ ምንም አይሰጥ። ፈተናው ቀላል ነው፤ የሠለጠነ ነርስ ይሠራዋል። በየክፍሉ መኖር አለበት፤ በሌሊትም ጭምር።

ሁለተኛ፣ መነሳት። «ቶሎ አስነሷቸው» የሚባለው እውነት ነው፤ ግን ልክ አለው። አቨርት የተባለው ትልቅ ሙከራ በፈረንጆቹ 2015 ላይ ወጥቷል። በ5 አገሮች 56 ሆስፒታሎች ውስጥ 2104 ሰዎች ነበሩበት። በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓት ውስጥ ጀምረው በብዛት የተንቀሳቀሱት ከሌሎቹ የተሻለ አላገገሙም፤ እንዲያውም በትንሹ አነሱ፤ ከእነሱ በደንብ ያገገሙት 46 በመቶ፣ ከሌሎቹ ግን 50 በመቶ ነበሩ። በኋላ ሲተነተን አጠር አጠር ያለና ቶሎ ቶሎ የሚደጋገም እንቅስቃሴ ይሻላል የሚል ምልክት ተገኘ። የመጀመሪያው ቀን ላይ ሰውን በጉልበት አታቁሙ ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ ግን አልጋ ላይ አታቆዩት።

ሦስተኛው የኛ ጥፋት ነው። ታካሚውን እኛ እናጥበዋለን፣ እኛ እናለብሰዋለን፣ ምክንያቱም ይፈጥናል። 12 ሰው ለሁለት ስትይዙ መፍጠን ግድ ይላል። ግን እኛ በ5 ደቂቃ ያለበስነው ሰው ራሱ በ25 ደቂቃ ቢለብስ ኖሮ ያ 25 ደቂቃ ሕክምና ነበር። የነርስ ቁጥር ይጨመር ስንል ለምቾታችን ብቻ አይደለም። ያ 25 ደቂቃ ከዚያ ነው የሚመጣው።

ባለቤቴ ይሰማል

የኔ ጭንቀት ሌላ ነው። ባለቤቴ ይራመዳል። ቀኝ እጁ ትንሽ ይደክማል እንጂ ይሠራል። የጠፋው ንግግሩ ነው። የምንለው ሁሉ ይገባዋል፤ መልሱ ግን አይወጣለትም። ጨዋታ አዋቂ የነበረ ሰው ነው። አሁን «እሺ» እና «አይ» ነው ያለው። አንዳንዴም «እሺ» ማለት ፈልጎ «አይ» ይላል።

ሐኪም ዘንድ ስንሄድ ሁሉም ለኔ ነው የሚናገሩት። እሱ አጠገቤ ተቀምጦ «መድኃኒቱን ይወስዳል?» ይሉኛል። እጁን ሲጨብጥ አያለሁ። ሲራመድ ስላዩት «ይህ ደህና ነው» ብለው ከተሃድሶ አስወጡት። ንግግር አካል አይደለም እንዴ?

የንግግር ቴራፒስት

እህቴ፣ ይህ አፌዥያ ይባላል። ቋንቋን የሚያዘው የአንጎል ክፍል ሲጎዳ የሚመጣ ነው፤ በብዙ ሰው ላይ በግራ በኩል ነው ያለው። ግራው አንጎል የቀኝ አካልን ስለሚያዝ ቀኝ እጁ መድከሙም ከዚያው ነው። ፈረንሳዊው ሐኪም ፖል ብሮካ በፈረንጆቹ 1861 ላይ ይህን በአንድ ታካሚ አሳይቷል። ያ ሰው የሚነገረውን ይረዳ ነበር፤ መናገር የሚችለው ግን «ታን» የምትለውን ድምፅ ብቻ ነበር። ስትሮክ ከመታቸው ሰዎች ሲሶ ያህሉ አፌዥያ ይገጥማቸዋል። ማሰብ አልጠፋም፤ መንገዱ ነው የተዘጋው። እኔን የሚያንገበግበኝ ሰዎች የዝምታውን ርዝመት በአእምሮ መድከም መተርጎማቸው ነው።

ቤት ውስጥ የምታደርጊውን ልንገርሽ። ቴሌቪዥኑን አጥፊ። አንድ ነገር በአንድ ጊዜ ጠይቂው፤ በእጁ ሊመልሰው በሚችል መልክ ይሁን። «ይህ ወይስ ያ?» ብለሽ ሁለቱንም አሳዪው። ቃሉን ስትጠብቂ በልብሽ እስከ 10 ቁጠሪ፤ ቶሎ አትሙዪለት። መሳል፣ መጠቆም፣ ፎቶ፣ ሁሉም ንግግር ነው። «እሺ» እና «አይ» የሚምታታበት ከሆነ የአውራ ጣት ምልክት ጨምሩ። የሚያውቀውን ዜማ አብራችሁ ሞክሩ፤ መናገር ያቃተው ሰው መዝፈን ሲችል ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

ሐኪም ዘንድ ስትሄጂ ደግሞ ወንበርሽን ትንሽ ወደ ኋላ ሳቢው። ሲጠይቁሽ ወደ እሱ ዙሪና ዝም በዪ። እኔ ይህን ለታካሚዎቼ ቤተሰቦች ሁሉ እነግራለሁ። ሐኪሙ ወደ እሱ መዞሩ አይቀርም።

አንድ ነገር ልጨምር። 2019 ላይ ቢግ ካክተስ የተባለ የእንግሊዝ ጥናት 278 ሰዎች ላይ ተሠርቷል። በቤታቸው በኮምፒውተር ቃላት የተለማመዱት፣ ስትሮኩ ከመታቸው ዓመታት አልፏቸውም ቢሆን፣ የተለማመዷቸውን ቃላት መልሰው ማግኘት ቻሉ። ግን ቃል መጥራቱ በራሱ ወደ ጨዋታ አልተሻገረም። ስለዚህ ኮምፒውተሩ ቃሉን ያምጣ፤ ጨዋታውን እናንተ ስጡት።

ነገን የማይ

ሁሉም የባለሙያ እጥረት ነው የሚለው። ታዲያ ለምን ሮቦትና ማሽን አይገባም? ቪዲዮ ላይ ሳይ ድንቅ ነው። ሰው ታስሮ ማሽኑ ያራምደዋል።

ፊዚዮቴራፒስቷ

እኔም ማሽን አልጠላም። ግን ቅደም ተከተሉ ያሳስበኛል።

2011 ላይ ሊፕስ የተባለ የአሜሪካ ጥናት 408 ሰዎችን አየ። ከፊሎቹ ክብደታቸው በማሰሪያ ተደግፎ በትሬድሚል (በመራመጃ ማሽን) ላይ ተራመዱ። ሌሎቹ ፊዚዮቴራፒስት ቤታቸው እየሄደ የጥንካሬና የሚዛን ልምምድ አሠራቸው። ከዓመት በኋላ ልዩነት አልነበረም። በሁለቱም ወገን ግማሽ ያህሉ አረማመዳቸው ተሻሽሏል። 2019 ላይ ደግሞ 770 ሰው ያሳተፈው ራቱልስ የእጅ ሮቦትን ፈተሸ፤ ከተለመደው ሕክምና በላይ ለኑሯቸው የሚጠቅም ለውጥ አላመጣም። ሮቦቱ እጁን በሺህ ጊዜ ያንቀሳቅሰዋል፤ ሰውየው ግን ቤቱ ገብቶ ያንን እጅ አይጠቀምበትም።

እኔን ተስፋ የሚሰጠኝ ቀለል ያለው ቴክኖሎጂ ነው። 2019 ላይ በ124 ሰዎች በተሠራ ጥናት ቤታቸው ሆነው በቪዲዮ እየተመሩ የተለማመዱት ክሊኒክ ከሄዱት ጋር እኩል አገገሙ። ከማገገሚያ ማዕከል ርቆ ለሚኖር ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው።

የእናቷ ልጅ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። አንድ ነገር ልጠይቅ። እንግዲህ ቤተሰብን ማሠልጠን ነው መፍትሔው ማለት ነው? እኔ ዝግጁ ነኝ። ሥራ አቁሜ ልማር እችላለሁ።

ፊዚዮቴራፒስቷ

ሥራሽን አታቁሚ፤ እለምንሻለሁ።

ይህ ሐሳብ በሚገባ ተፈትኗል። ህንድ ውስጥ አቴንድ የተባለ ሙከራ በ14 ሆስፒታሎች 1250 ሰዎች ላይ ተደረገ፤ ውጤቱ 2017 ላይ ወጣ። የቤተሰብ አባል ሠልጥኖ ቤት ውስጥ ተሃድሶውን እንዲመራ ተደረገ። ከ6 ወር በኋላ የሞቱት ወይም የሰው እጅ ጠባቂ የሆኑት በሠለጠኑትም ባልሠለጠኑትም ወገን 47 በመቶ ነበሩ። ምንም ልዩነት የለም። ይህ ቤተሰብ አይጠቅምም ማለት አይደለም። ቤተሰብን የባለሙያ ቡድን ምትክ አድርጎ መጣል አይሠራም ማለት ነው። አንቺ ትከሻ እንዳይጎዳ ማወቅ አለብሽ፤ እሱ መብትሽ ነው። ግን ልጅዋ እንጂ ፊዚዮቴራፒስቷ አይደለሽም። 167ቱን ሰዓት ለብቻሽ ከተሸከምሽው በዓመት ውስጥ አንቺም ትወድቂያለሽ።

የሚሠራው በደንብ የታወቀ ነው። የመጀመሪያው በአንድ ክፍል ውስጥ አብሮ የሚሠራ የስትሮክ ቡድን ነው፤ ይህ ሞትንም የሰው እጅ ጠባቂነትንም ይቀንሳል። ሌላው ቀላልና መካከለኛ ጉዳት ላለባቸው ቶሎ ወደ ቤት መልሶ ያው ቡድን ቤታቸው ድረስ እየሄደ እንዲያሠራቸው ማድረግ ነው። እዚህ ላይ ሰው ሁሉ የሚሳሳተው አንድ ነገር አለ። ቶሎ ማስወጣቱን ይወስዱና ቤት መሄዱን ይተዉታል።

አባቴ ዝም አለ

እዚህ ማንም ያላነሳውን ላንሳ። አባቴ ልምምድ እምቢ አለ። ቀን ይተኛል። «ለምን አተረፋችሁኝ» አለኝ አንድ ቀን። ሰነፍ ነው አልኩ፤ ተቆጣሁት። አሁን ይቆጨኛል።

የሌሊት ነርስ

ወንድሜ፣ እንዲህ ያለ ቃል ሲናገር ዛሬውኑ ለሐኪሙ ንገር። ቀጠሮ አትጠብቅ፤ ብቻውንም አትተወው።

ስትሮክ ከመታቸው ሰዎች ሲሶ ያህሉ ድባቴ ውስጥ ይገባሉ። ስንፍና አይደለም። የአንጎል ጉዳትም ሐዘንም አንድ ላይ ነው። ሕክምና አለው፤ ንግግርም መድኃኒትም። አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለኝ። ፍሉኦክሴቲን የተባለውን የድባቴ መድኃኒት «እጅ እግር ያበረታል» ብለው ለሁሉም የሚሰጡ ነበሩ። 2018 ላይ ፎከስ የተባለ ጥናት በ3127 ሰዎች ፈትሾት ማገገምን አላሻሻለም፤ የአጥንት ስብራትን ጨመረ። ለድባቴ ሐኪሙ ካዘዘ ይወሰድ፤ ለእጅ ተብሎ ግን አይሁን።

ድካሙም ራሱን የቻለ ነገር ነው። ከግማሽ ሰዓት ጨዋታ በኋላ ቀኑን ሙሉ እንደሠራ ሰው ይዝላሉ። ልምምዱን ጠዋት አድርጉት፤ በየመሃሉ እረፍት ስጡት።

4 ዓመት አልፎኛል

ነርሷ ያለችው ልክ ነው። እኔም «ለምን ተረፍኩ» ብያለሁ። የረዳኝ ሌላ ስትሮክ የመታው ሰው መጥቶ አጠገቤ መቀመጡ ነው። ብዙም አላወራንም። ከዘራውን ግድግዳ ላይ አስደግፎ ሲቀመጥ አየሁት፤ በቃ። ሆስፒታሎች ይህን ለማድረግ ምንም ማሽን አይፈልጉም። ያገገመ ሰው ጋብዙ።

ደግሞ ክኒናችሁን አትርሱ። ከ4 ስትሮክ አንዱ ቀድሞ የመታውን ሰው ነው የሚመታው። እኔ ደም ግፊቴን ቤት ውስጥ እየለካሁ ከ130 በ80 በታች ለማቆየት ከሐኪሜ ጋር እሠራለሁ። የ4 ዓመት ልፋት በአንድ ጠዋት እንዳይሄድ።

የእናቷ ልጅ (ከ5 ሳምንት በኋላ)

ሄጄ ነበር። የጻፋችሁትን በአንድ ገጽ አሳጥሬ ይዤ ሄድኩ። የክፍሉ ኃላፊ ነርስ ተቀብላ አነበበችው። ስለ ቡድኑና ስለ 3 ሰዓቱ «ከእኔ አቅም በላይ ነው፤ ወደ በላይ አቀርበዋለሁ» አለችኝ። እከታተለዋለሁ፤ ለወሩ መጨረሻ ቀጠሮ ይዣለሁ።

አንድ ነገር ግን እዚያው ተስማማችልኝ። ከእንግዲህ ማንም ታካሚ ከመውጣቱ በፊት ቤተሰቡ ከአልጋ ወደ ወንበር ሁለት ጊዜ በነርስ ፊት ያዛውረዋል። ወረቀቱ ላይም የሚደወልበት ስልክ ይጻፋል። ባለፈው ሳምንት ሳልፍ አንድ ልጅ አባቱን ሲያስነሳ አየሁ፤ ነርሷ አጠገቡ ቆማ «ወገቡን፣ ወገቡን» ትለዋለች።

እናቴ እጇ በቀን ስንት ጊዜ እንደሠራ የምትጽፍበት ደብተር ይዛለች። ትናንት 210 ጻፈች። ግማሹን እሷ ትሠራለች፤ ሌላውን እህቴና ጎረቤታችን ተካፍለው ያሠሯታል። እኔ ወደ ሥራዬ ተመልሻለሁ። ትከሻዋ ቀለል ብሏታል።

አዲስ ገብቼ ነው

ይቅርታ፣ ውይይቱን ሁሉ አላነበብኩም። አባቴን ትናንት ማታ ስትሮክ መታው፤ አሁን ሆስፒታል ነው። ግራ ጎኑ አይንቀሳቀስም። ውሃ ውሃ እያለ ነው። ምን ላድርግ?

የእናቷ ልጅ

አይዞህ ወንድሜ። ውሃውን አሁን አትስጠው። ነርሷን ጥራና «መዋጡ ተፈትሿል?» በል። ካልተፈተሸ ፈተናው አሁኑኑ እንዲደረግ ጠይቅ፤ እስከዚያ ከንፈሩን ብቻ በእርጥብ ጨርቅ አርጥብለት። ግራ ክንዱ ስር ትራስ አድርግ፤ እጁን ይዘህ አትሳበው። በግራው በኩል ተቀመጥና አናግረው። ነርሷ ስትመልስልህ ጻፍልኝ፤ እዚሁ ነኝ።